እንግዳው ሲወጣ የማይፈርስ ቤት

ሣህሉ በማቅለሚያ ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሦስት ዓመት የደከመበት ነገር ከሩቅ ሲያዩት ከሰማያዊ ጨው አይለይም ነበር። ሸማኔ ድርን ከማግ እንደሚያጠላልፍ፣ እርሱም መዳብን ቋጠሮ፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚገኝ አሲድን ክር አድርጎ፣ ዐይን የማያየው መረብ ይሠራል። በመረቡ መካከል ባዶ እልፍኞች አሉ። የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ በዚያ ሲያልፍ ቀለሙ እልፍኙ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃው ጠርቶ ይወርዳል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ችግሩ እልፍኞቹ ባዶ ሆነው አለመወለዳቸው ነው። የተሠሩበት ውሃ እንደ እንግዳ ገብቶ ይሞላቸዋል፤ ያ እንግዳ ካልወጣ ለቀለሙ ቦታ የለም። በሙቀት ባስወጣው ቍጥር ደግሞ ቤቱ አብሮ ይፈርሳል፤ ሰማያዊው ቅንጣት ዐመድ የመሰለ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ሣህሉ የማድረቂያውን ምድጃ ከመክፈቱ በፊት ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ያማትብ ነበር። ይህን ከጉግሳ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጉግሳ በዚያው ክፍል የሚሠራ ኬሚስት ነው፤ ደግሞም አበልጁ ነው። የፓርቲ እጩ አባል ሆኖ ሳለ የሣህሉን ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣው እርሱ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃኑን በነጠላ፣ የራሱንም ፊት በነጠላ ሸፍኖ። ነገሩ ቢታወቅ እጩነቱም ሥራውም በአንድ ቀን ይቀራሉ። ሣህሉና ሚስቱ ተሻለች ምስጢሩን እንደ ንስሐ ጠበቁት።

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቤቱ ቆመ። ቅንጣቶቹ ቀለማቸው ጠቆር ከማለቱ በቀር ቅርጻቸውን እንደ ያዙ ከምድጃው ወጡ። ጉግሳ ሣህሉን ዐቅፎ አለቀሰ። በምን ዘዴ እንዳቆማቸው ግን ሣህሉ ለጊዜው አልተናገረም፤ ደጋግሞ ሳያረጋግጥ መናገር ከውሸት የሚቈጠር ይመስለው ነበርና።

ያጣራውን ውሃ በብርጭቆ ይዞ የፋብሪካው ቆሻሻ ወደሚፈስበት ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረደ። በዚያ ሚሬ የምትባል ውሃ ሻጭ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍራ ውሃ ትቀዳለች፤ መጋላ ገበያ ወስዳ ትሸጠዋለች።

«አቦ ሣህሉ፣ ማክሰኞ ቀይ አጠጣችሁን፤ ትናንት አረንጓዴ። ዛሬ ደግሞ ምን ልታለብሱን ነው?»

ብርጭቆውን ሰጣት። አሸተተችው፤ ወደ ፀሐይ አነሣችው።

«ይሄማ ውሃ ነው» አለች፣ እንደ መከፋት ብላ። «እኔ በጀሪካን ነው የምሸጠው።»

«ለጊዜው ያለው ይህ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ብርጭቆው ሲያድግ ጥራኝ።»

ብርጭቆው የሚያድግበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። መረቡን በብዛት መሥራት የሚያስተምር የትምህርት ዕድል ከምሥራቅ ጀርመን መጥቶ ነበር፤ ለሥራው ባለቤት፣ ለአንድ ሰው።

ዕድሉ በመጣ በሳምንቱ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ካሣ የሚባል የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ጉግሳ እጁን አወጣ።

«ጓድ ሣህሉ ምድጃውን ከመክፈቱ በፊት ያማትባል» አለ። «ሦስት ዓመት የሕዝብ መዳብ በጸሎት ሲባክን በዐይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አገርን በሳይንስ ሊወክል አይችልም።»

«ታዲያ ጸሎቱ ሠራለት አይደል?» አለ ከኋላ አንድ የማቅለሚያ ሠራተኛ። ሰዉ ሳቀ፤ ካሣ ጠረጴዛውን ሲመታ ሳቁ ተቈረጠ።

«ጓድ ሣህሉ፣ ግለ ሂስ አለህ?»

ሣህሉ ተነሣ። «የልጄን የክርስትና አባት ጠይቁት» ቢል ይበቃዋል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ወደ ጉግሳ ተመለከተ። ጉግሳ ዐይኑን አላሸሸም፤ አልፈራምም። ሣህሉን ያስደነቀው ይህ ነበር።

«አማትቤአለሁ» አለና ተቀመጠ።

የቤተ ሙከራው ቁልፍም የትምህርት ዕድሉም ለጉግሳ ሆነ። ሣህሉ ወደ ማቅለሚያው ገንዳ ወረደ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች ተሻለች ማታ ቀለም የነከረውን እጁን በሎሚ እያሸችለት። «ለመሆኑ አንተ አፍ የለህም?»

«ጥምቀቱ የልጁ ነው። በልጄ ጥምቀት ሰው ከሥራው አላስባርርም።»

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ጉግሳ ለልጁ ኳስ ገዝቶ መጣ። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«አበልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዳትቀየመኝ። ካንተ በቀር በማንም ላይ አልነሣም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይወጋኛል። አንተ ግን ዝም እንደምትል ዐውቃለሁ።»

ይህን እንደ ምስጋና ነበር የተናገረው። ሣህሉ በስብሰባው ያየው እርጋታ ከየት እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባው። ጠላት ሰውን በድካሙ በኩል ይመታዋል፤ ጉግሳ ግን የመታው በታማኝነቱ በኩል ነው። ምስጢር በጠበቀባቸው ዓመታት ሁሉ አበልጁ ትዕግሥቱን ሲመዝን፣ እስከ የት እንደሚሸከም ሲለካ ኖሯል።

«ቅንጣቶቹ በእኔ እጅ ይፈርሳሉ» አለ ጉግሳ። «ምን ያህል ብታሞቃቸው ነው የቆሙልህ?»

ተሻለች ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን አየችው። ሣህሉ አሰበው። ቢነፍገው ጉግሳ ጀርመን ደርሶ ያፍራል፤ ደቻቱም ቀለም እንደ ጠጣ ይቀራል።

«ነገሩ ከሙቀቱ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ውሃውን በአንድ ጊዜ አታባርረው። መጀመሪያ በአልኮል ተካው፤ ቀን ከሌት እየቀያየርክ ዘፍዝፈው። አልኮል ቀላል እንግዳ ነው፤ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ አይጎትትም። ከዚያ አየሩን እየሳብክ ለብ ባለ ሙቀት አድርቀው።»

ጉግሳ ዐይኑ እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ።»

«የነገርኩህ ለወንዙ ብዬ ነው። ለአንተ የምነግርህ ሌላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አበልጄ አትበለኝ፤ ጓድ በለኝ።»

ጉግሳ ወጣ። ሣህሉ ኳሱን ከልጁ ሊወስድ ብድግ አለ፤ ልጁ ግን በሁለት እጁ ዐቅፎት ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ክረምቱ አልፎ ሣህሉ ከገንዳው ሥራ ሲመለስ በደቻቱ በኩል አለፈ።

«አቦ ሣህሉ» አለች ሚሬ ከጉድጓዷ ቀና ብላ፣ «ብርጭቆው አላደገም?»

ቀይ የተነከሩ እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ። «ጀርመን ሄዷል።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን አይደለም፤ ከአንድ ጓድ ጋር ነው።»

ሚሬ እጆቹን አስቀድማ አይታቸው ነበር። ጎንበስ ብላ ከጉድጓዱ የወጣውን ቀይ ውሃ ደፋችና እንደ ገና መቆፈር ጀመረች።