ልኩን የሚያውቅ ምንጣፍ

አለቃዬ ናትናኤል በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በኩራት ግን ታላቄ። ምንጣፌን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ኑኃሚን፣ ይሄ ሞቷል፤ ጣይው» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

ሦስት ወር ደክሜበታለሁ። ቢጫ ጀሪካን ቆራርጬ አቀለጥኩ፤ የሻማ ሰም ጨመርኩ፤ ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያወጣሁትን ጥቁር ካርቦን ፈጭቼ ለወስኩበትና እንደ ቂጣ ዳመጥኩት። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል። ጠዋት ጠዋትማ ጥሩ ያሳልፋል። ሞቃታማው ሲቀላ ሰፈር ያለው ወርክሾፓችን ግን ቆርቆሮ ቤት ነውና፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲግል የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ከሩብ በታች ወረደ።

«ራሱን የሚያጠፋ ማሞቂያ ማን ይፈልጋል?» አለኝ።

ምንጣፉን ከእጁ ነጠቅኩት። ቅዳሜ ደጋው ጨንቻ ላለችው አክስቴ ለጌጤ ሃምሳ የአንድ ቀን ጫጩቶች ይመጡላታል። የመጀመሪያዎቹን ብርድ ፈጃቸው፤ ሁለተኛዎቹን የከሰል ሙቀት። እነዚህም ካለቁ የዶሮውን ነገር እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ ብላ ምላለች። እኔ ደግሞ ማሞቂያ አመጣልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ምንጣፉን ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ናትናኤልም ተከተለኝ፤ ስዋረድ ለማየት ይመስለኛል።

ጨንቻ ጭጋግ ለብሳ ጠበቀችን። ምንጣፉን ሣጥን ውስጥ አንጥፌ ከሶላር ባትሪ ጋር አገናኘሁት፤ የኤሌክትሪክና የሙቀት መለኪያም ሰካሁበት። በዚያ ብርድ፣ ሲቀላ አይቼው የማላውቀውን ያህል ኤሌክትሪክ ሳበ! ጭድ ጎዝጉዘን ጫጩቶቹን አስገባን። ዞር ከማለታችን አክስቴ ለአየር ጥግ ጥጉን ብቻ ትታ ሣጥኑን በወፍራም ቡልኮ ሸፈነችው።

ናትናኤል ጮኸ። «ኧረ እትዬ፣ ይቃጠላሉ!»

«ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ ነው!» አለች አክስቴ።

ቡልኮውን ልገፍፍ እጄን ዘርግቼ ዓይኔ መለኪያው ላይ አረፈ። ኤሌክትሪኩ እየቀነሰ ነበር። ሙቀቱ ሠላሳ አራት ዲግሪ ደረሰና ቆመ። ቡልኮውን ስገልጠው ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ጨመረ፤ ስሸፍነው ቀነሰ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ያው።

ያኔ ገባኝ። ፕላስቲኩና ሰሙ ሲሞቁ ያብጣሉ፤ ተነካክተው የነበሩት የካርቦን ደቃቆች ይራራቃሉ፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሰው ይገናኛሉ።

«ናትናኤል፣ ሲቀላ ላይ አልሞተም ነበር እኮ» አልኩት። «ሙቀት ጠግቦ ነው!»

እሱ ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «በሦስት ሳምንቱ እናያለን» አለ።

በሦስት ሳምንቱ አብረን ወጣን። በእኔም በአክስቴም ቆጠራ አላመነም። ጎንበስ ብሎ፣ ላባ ያበቀሉትን ጫጩቶች አንድ በአንድ እያነሳ ራሱ ቆጠረ። ጨረሰና እንደገና ጀመረ። አክስቴ በሁለት እጇ ነጠላዋን ጨብጣ ትጠብቃለች።

«ሃምሳ» አለ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «ተሸንፌያለሁ።»

ጨዋ ሰው ቢሆን በዚህ ያልፈው ነበር። እኔ ግን አላለፍኩትም።

«ጮክ በል እንጂ፤ አክስቴ አልሰማችህም።»

«ሃምሳ!» ብሎ ጮኸ፣ እየሳቀ። የአክስቴ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ከየቤቱ አስወጣው።