ስጠራህ አትምጣ

"ጣሉ! ቦርሳውን ጣሉና ውስጥ ግቡ! እሳቱ ቆሞ አይጠብቃችሁም!"

አሰልጣኟ ስትጮህ ሰልጣኞቹ ቦርሳቸውን ወዲያ ወርውረው ብርማውን መጠለያ ዘረጉ። መጠለያው ሲታጠፍ ከፎጣ አይበልጥም፤ ሲዘረጋ ግን አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ የሚሸፈንበት ስስ ድንኳን ይሆናል። የሰደድ እሳት ከቦ መውጫ ያሳጣው ሠራተኛ የመጨረሻ ተስፋው እሱ ነው። ዛሬ እሳት የለም። በእሳቱ ፈንታ መኪና ላይ የተጫነ ትልቅ ማራገቢያ ሜዳውን አቧራ በአቧራ አድርጎታል።

ሚጣ በሆዷ ተኛች። ሚጣ ያላት ወንድሟ ነው፤ ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላም አልተወውም፣ ሰልጣኙም ተቀብሎታል። እሷ አብሯት የሚሰለጥነውን ወንድሟን ጋሼ ስለምትለው ደግሞ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ ጋሼ ይሉታል።

የመጠለያውን ጠርዝ በክርኖቿና በጫማዋ ጫፍ መሬት ላይ ተጫነች። አየሩ መሬት ላይ ስለሚቀዘቅዝ አፍንጫዋን አፈር ውስጥ ቀበረች። እስከዚህ ድረስ የተማረችውን አልረሳችም። ከዚያ ነፋሱ በግራ እግሯ በኩል ያለውን ጠርዝ ገልብጦ ገባ። አቧራው ዓይኗን ሞላው፣ ትንፋሽ አጠራት። ልትጣራ አላሰበችም፤ አፏ ቀደማት።

"ጋሼ!"

ወዲያው አንድ ከባድ ነገር እግሯ ላይ ወደቀ። ወንድሟ ነበር። ከራሱ መጠለያ ወጥቶ የእሷን ጠርዝ በሰውነቱ ተጭኖታል።

ማራገቢያው ጠፋ። አሰልጣኟ ቀስ ብላ መጣች። ድምፅዋ የሻከረ አጭር ሴት ናት፤ የምታስፈራው ስትጮህ ሳይሆን ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው። አሁን ዝቅ አድርጋዋለች።

"አንተ የት ነው ያለኸው?"

"እዚሁ ነኝ" አለ ጋሼ።

"የለህም። ሞተሃል። እህትህ ጋ ሳትደርስ ሳንባህ ተቃጥሏል። ታዲያ ማንን አዳንክ?"

ጋሼ ጉልበቱን አራገፈ። "ጠራችኝ እኮ።"

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል አሰልጣኟ ዘወር ብላ አየችውና ሳቁን ዋጠው።

"ከሰዓት በኋላ ይደገማል" አለች። "ውጡ ሳልል የወጣ ሰው ቀጥታ ወደ ቤቱ ነው።"

አባታቸው ሲሞት ሚጣ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ጋሼ ያኔ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ፤ ጫማ የገዛላትም፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚሄድላትም እሱ ነበር። ለዚህ ሥልጠና ስትመዘገብ መጀመሪያ ሳቀባት። የምሯን መሆኑ ሲገባው ጋራዡን ጥሎ ተከተላት። እናታቸው ስትደውል አደራ የምትለው እሱን ነው፤ እሷን "ወንድምሽ የሚልሽን ስሚ" ትላትና ትዘጋለች። ይሄ ሲያናድዳት ኖሯል። ዛሬ ግን የተሰማት ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ቢባረር ጋራዡ ነገውኑ ይቀበለዋል። ያስፈራት እውነተኛው እሳት ነው። እዚያም ብትጠራው ይመጣል።

ምሳ ሰዓት ላይ በውሃ ቦቴው ጥላ ሥር አጠገቡ ተቀመጠች።

"ለምን ተነሳህ?"

"አሁን ይሄ ምኑ ይጠየቃል?"

"ይጠየቃል! ጋሼ፣ ስጠራህ አትምጣ።"

"ካልመጣሁ ለምን ትጠሪኛለሽ?"

"አምልጦኝ ነው። ሰው ሲደነግጥ እናቴን ይላል፤ እኔ የለመድኩት አንተን ነው፣ ምን ላድርግ?"

ደስ ሲለው ያስታውቅበታል፤ ጺሙን ማሻሸት ጀመረ። "በቃ፣ አልመጣም።"

"ማልልኝ።"

"መማሉን እምላለሁ። ግን ሚጣዬ፣ ጠዋትስ ቢሆን እግሬ መቼ አማከረኝ?"

በቀልድ ነበር ያለው። እሷ ግን የያዘችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው ከጠዋቱ ብሶ ተነሳ። መጠለያ ውስጥ ሆኖ እርስ በርስ መነጋገር ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ማንም ብቻዬን ነኝ ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ግድ ነው። በየመጠለያው "አላችሁ?" "አለን!" ይባባላሉ። አሰልጣኟ በመካከላቸው እየተዘዋወረች ያልጠበቀውን ጠርዝ በጫማዋ ትገልጣለች።

የሚጣ ተራ ደረሰ። በቀኝ በኩል ያለው ጠርዝ ከክርኗ ሥር ተፈልቅቆ ወጣ። ነፋሱ አሸዋውን ይዞ ገባና ድንኳኑን ከጀርባዋ አነሳው። የወንድሟ ስም ምላሷ ላይ መጣ። እጅጌዋን ነክሳ ያዘችው።

"ሚጣ! አለሽ?" አለ ጋሼ ከጎን።

ዝም አለች። አፏን ብትከፍት የሚወጣው ያው ስሙ ነው።

"ሚጣ!"

አሁንም ዝም። ከዚያ የብርማው ጨርቅ መንኮሻኮሽ ተሰማት። ጋሼ ጉልበቱን እያጠፈ ነው፤ ሊነሳ ነው። ዝምታዋም እንደ ጥሪ መሆኑ ያኔ ገባት። እጅጌዋን ተፋችው።

"አለሁ!"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነዋ! ምን ትቀሰቅሰኛለህ?"

ከየመጠለያው ሳቅ ተሰማ። ጋሼም ሳቀ። መንኮሻኮሹ ቆመ። ሚጣ በተከፈተ መጠለያ ውስጥ አሸዋ እየበላች፣ ፊቷን አፈር ላይ ደፍታ አለቀሰች። "ውጡ!" ሲባል እንባዋን ከአቧራው ጋር ጠራረገችው።

ሁሉም አለፉ። ጋሼ ወዲያው ስልኩን አወጣ። "አለፍን እማዬ! እሷማ ተኝታ ነው ያለፈችው!" እያለ በሜዳው ላይ ይንጎራደዳል። አዲሶቹ ሠራተኞች በሁለት ቡድን ተከፍለው በሁለት መኪና ወደየጣቢያቸው ሊሄዱ ነው። ጋሼ ከእህቴ ጋር መድቡኝ ብሎ ጠይቆ ተፈቅዶለታል።

ሚጣ አሰልጣኟ ጋ ሄደች። "እኔን ሌላኛው ቡድን ያስገቡኝ።"

"ለምን? አልተነሳም እኮ።"

"ያልተነሳው ስለዋሸሁት ነው። ጠርዜ ተከፍቶ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

"እሳት ቢሆን እየተቃጠልኩ ልቀልድለት ነው? ከእኔ ጋር ከሆነ አንድ ቀን ይሞትብኛል።"

አሰልጣኟ ትንሽ አየቻት። "ይሁን። እኔ ግን አልነግረውም። ራስሽ ንገሪው።"

የመኪኖቹ ሞተር ተነስቷል። ጋሼ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጥቶ አጠገቡ ጃኬቱን አንጥፎላታል።

"ነይ እንጂ፣ ቦታሽን ሊወስዱብሽ ነው!" ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ያዘችው፤ ግን አልወጣችም።

"ጋሼ፣ እኔ በወዲያኛው ነኝ። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት።"

ቀልድ መስሎት ቀጣዩን ጠበቀ። ቀጣይ አልነበረም። ፊቱ ሲለወጥ አየችው፤ ልቧ ተሰበረ።

"ለእማዬ ምን ልበላት?"

"እኔ እነግራታለሁ።"

እጁን ለቀቀች። ቦርሳዋን አንስታ ሁለተኛው መኪና ላይ ወጣች፣ የማታውቀው ሰው አጠገብ ተቀመጠችና ስሙን ጠየቀችው።