መርፌው የሚዘልበት ቦታ

አባዬ ስለ ጃዝ ሰዎች ሲያወራ የሥጋ ዘመዶቹን የሚያማ ይመስላል። ቤዝ የሚጫወተው «ያ ሰነፍ አጎትሽ» ነው። ፒያኖ የሚመታው ደግሞ ትዳር የማይበረክትለት ምስኪን። ትራምፔት የሚነፋውን «ሽማግሌው» ይለዋል፤ የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ግን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። ሽማግሌው የፊት ጥርሶቹን አጥቶ እንደገና መንፋት እንደተማረ አባዬ መተረክ ሲጀምር እማዬ ከጓዳ ትሰማና፣ «የእኔን ልደት የማያስታውስ ሰውዬ የሰው ጥርስ ይቆጥራል» ትላለች።

አባዬ ዕድሜውን መድኃኒት ቤት የጨረሰ ሰው ነው። ሸክላ ከመንካቱ በፊት እጁን በአልኮል ይጠርጋል፤ ከዚያ ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ እንደ አራስ ያነሳዋል። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሸክላ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ የሚጫወተው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ጭረት ያለበት የሽማግሌው ሸክላ።

ጭረቱ የወንድሜ ነው። ቀስ ብሎ ማውራት ስለማይችል ሰፈሩ ሁሉ ጥሩምባ ይለው ነበር። አንድ ቀን አባዬ ሥራ ላይ ነው ብሎ ሽማግሌውን ከፈተና ጭልፋ እንደ ትራምፔት አፉ ላይ ደግኖ ይጨፍር ጀመር። በዳሌው ጠረጴዛውን ሲገጨው መርፌው ተንሸራተተ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ውጣ! ከቤቴ ውጣ!»

እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ። እንዲያልፍ እግሬን ሰበሰብኩለት። ሹራቡን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። መታጠፊያው ላይ የጭነት መኪና ገጨው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ «ውጣ» የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ድመቷ ሸክላዎቹ ላይ ስትወጣ እንኳ «እስቲ ወደዚያ ብትይ» ይላታል። እሑድ ሽማግሌውን ሲያጫውት ደግሞ የውጭውን በር ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ስለ በሩ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም።

መርፌው ጭረቱ ጋ ሲደርስ ጠቅ ብሎ ይዘላል፤ ዜማውም አብሮት። እማዬ የምታንጎራጉረው ከነዝላዩ ነው። እኔም ሌላ ዜማ አላውቅም ነበር። ለትምህርት ሄጄ በቀረሁበት አገር ያንኑ ሸክላ ለዓመታት ስፈልግ ኖሬ ባለፈው ክረምት አገኘሁት። ሻጩ እንድሞክረው አስጀመረልኝ። ያ ቦታ ሲደርስ ደጅ አውቶቡስ እያለፈ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትራምፔቱ ከጠበቅሁት ጊዜ በኋላ ገባ።

«ይሄ ብልሽት አለው» አልኩት። «ዘግይቷል።»

ሰውየው መላጣውን አሸት አሸት አደረገ። «ዘፈኑ እንዲሁ ነው እመቤት።»

አፍሬ ገዛሁት። ወደ ቤት የመለሰኝ ምን እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የተለያየ መልስ እሰጣለሁ። ለራሴ የምሰጠው መልስ ያ ሸክላ ነው።

«ንጹሕ ነው አባዬ» አልኩት ስሰጠው። «ጭረት የለውም።»

ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ አየው። «እጅሽ ይባረክ። መደርደሪያው ላይ አድርጊልኝ።»

«አትሰማውም?»

«ጆሮዬ ደክሟል» አለኝ። ጎረቤት ቤት ሲያስነጥሱ ካለበት ሆኖ «ይማርህ» የሚል ሰው ነው።

ላስቀምጠው የታችኛውን ረድፍ ሳብ አደረግሁት። ከኋላው የሽማግሌው ፊት አየኝ። ያው ሸክላ ነው። ከሱ ኋላ ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። የአንዱም ማሸጊያ አልተቀደደም። እኔ አገር ለአገር የዞርኩለትን ነገር እሱ እዚሁ ተቀምጦ ሲሰበስበው ኖሯል።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ…»

«መልሺው።»

«ለምን አትከፍታቸውም?»

መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ጭረቱ የበላው ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ጠፍቶኛል። ስንት ጊዜ የሰማሁትን! ከዚያ ቀን በኋላ ጠፋኝ። ብሰማው ልጄን ያስወጣሁት ለምን ያህል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ሱቁ ውስጥ እኮ…»

«አትንገሪኝ! በሞቴ!»

ብነግረውስ ምን ልለው ነው? የሰማሁት አውቶቡስ ነው።

እሑድ ምሳ በላን። አባዬ በሩን ገርበብ አደረገ። እማዬ ጎን ካለው ክፍል ልብስ እየተኮሰች ታንጎራጉራለች። እኔ ሶፋው ላይ የዱሮ ቦታዬን ያዝኩ። መርፌው ጭረቱ ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው ትንፋሻችንን ዋጥን።

አልዘለለም። ወደ ኋላ ተመለሰ። ጠቅ አለ። ደግሞ ተመለሰ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

«ኧረ በር ተንኳኳ!» አለች እማዬ። «ሰው የለም እንዴ? ክፈቱ እንጂ!»

«በሩማ ክፍት ነው» አለ አባዬ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

እጁን ዘረጋ፤ መርፌው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ተነሥቼ እኔ አነሳሁት። ሸክላው አርጅቷል፣ ጭረቱ ሰፍቶ መርፌውን ይመልሰዋል፣ ሌላ ነገር የለውም። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ጀርባዬ ግን በሩን አልወደደውም።

«ያመጣሽውን ስጪኝ» አለኝ።

እጁን በአልኮል ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። አስጀመረው። እማዬ ካውያዋን እየገፋች ከመጀመሪያው ተቀበለችው። ሽማግሌው በሚያውቀው መንገድ ወጣ፣ ወጣ፣ ያ ቦታ ደረሰ።

ትራምፔቱ ቆመ። ፒያኖው፣ ቤዙ፣ ከበሮው ሁሉ ቆመ። ምንም የለም። ሽማግሌው ብቻ በአፉ አየር ሲስብ ተሰማ፤ እኔና አባዬ መካከል ሰው ቆሞ የተነፈሰ ያህል ቅርብ ነበር። ከዚያ ትራምፔቱ ገባ።

እማዬ ግን ያን ጊዜ ዘልላ ሄዳለች። እሷ ከፊት፣ ሸክላው ከኋላ ሆኑ። ግራ ገብቷት ማንጎራጎሯን አቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘፈኑ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ» አለ አባዬ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «ምንም አልነበረበትም እኮ! ትንፋሽ ነው። ልጁ የነካብኝ አንድ ትንፋሽ ነው።»

እማዬ ካውያዋን እንደያዘች መጥታ ደፉ ላይ ቆመች። አባዬ መርፌውን አነሳና ወደ ኋላ መልሶ አስቀመጠው። ሽማግሌው እንደገና ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። አባዬ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ትንፋሹ መጣ።

«ግባ» አለ አባዬ ቀስ ብሎ። «ግባ ልጄ።»

በሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ነው። ያኔም ነፋስ ነው አልኩ፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

እግሬን ግን ሰበሰብኩ።