ወፍ አይነካው

ካርድ ጸሐፊዋ አባቷን ከቀበረች ሃያ ሦስት ቀን ሆኗታል፤ እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ዘመድ እርስ በርሱ እየተያየ "ልቧ ድንጋይ ነው" ብሏታል፤ እሷም ሳይሆን አይቀርም ብላ ተቀብላዋለች። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሥራዋ የእፅዋት ስሞች መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ክፍል ተቀምጣ ካርድ መሙላት ነው፤ ስሙን፣ ትርጉሙን፣ ጥቅሙን፣ ከማን እንደተገኘ።

የክፍሉ ሕግ ድርቅ ያለ ነው። አንድ ስም መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ከተለያየ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ሲመሰክሩለት ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ስም የቱንም ያህል ቢያምር ይጣላል። ብዙ ያማሩ ስሞች በዚህ ቀርተዋል፤ ከሁሉ አጥብቃ ሕጉን የምታስከብረውም እሷው ነበረች።

ያን ዕለት ጠዋት ዋና አዘጋጁ አንድ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። "ወፍ አይነካው" ይላል። ከዓመት በፊት ራሷ የጻፈችው ነው፦ አጥር ላይ የሚጠላለፍ ሐረግ፣ ፍሬው ቀይ፣ ወፍ ስለማይበላው ይህ ስም የወጣለት። ከማን ተገኘ? ከአባቷ፣ አርባ ዓመት በአትክልተኝነት ከሠራው። ስትጽፈው እሱን መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፉ የሰማችውን ምን ብላ ትጠይቃለች?

"ገጹ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ሁለተኛ ምስክር የለውም" አላት። "ዶክተር ቅጠልም ተቃውሞታል።"

ዶክተር ቅጠል የሚሉት የእፅዋት ባለሙያውን ነው፤ ሰው ሲያናግረው እንኳ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ካለው አበባ አይነቀልም። በካርዱ ጀርባ በእርሳስ "ሐሰት! ወፎች ይሻሙበታል። መርዝነቱ ለሰው ነው" ብሎ ጽፏል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ትነሣ ነበር። አሁን ምንም አልተሰማትም። አንድ ነገር ብቻ ገባት፤ ይህ ካርድ ከወጣ የአባቷ ስም በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ የትም አይኖርም። ስልኩን አነሣችና አክስቷ ጋ ደወለች። አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት፤ አግብታ ከወጣች ቆይታለችና በሕጉ ሌላ ቤት ትባላለች።

"እትዬ፣ ወፍ አይነካው የሚባል ሐረግ ታውቂያለሽ?"

አክስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ።

"አይ ወንድሜ! ልጄ፣ እሱ እኮ የተክል ስም አይደለም። ላንቺ ብሎ ያወጣው ነው።"

"ለኔ?"

"ሦስት ዓመትሽ ነበር። ወፎቹ የጎረቤት አጥር ላይ ሲለቅሙ አይተሽ አብረሽ ለቀምሽ። ያኔ ወፍ ያደረገውን ሁሉ ታደርጊ ነበር። ሁለት ቀን ራስሽን ሳታውቂ ተኛሽ። ስትድኚ ሐረጉን እንዳይነቅለው የሰው አጥር ነው፤ አትብዪ እንዳይልሽ አንቺ መች ትሰሚያለሽ! 'ስሙ ወፍ አይነካው ነው፣ ወፍ እንኳ ይጸየፈዋል' አለሽ፤ አመንሽው።"

"ወፎቹ ይበሉት ከነበረ እንዴት አላየኋቸውም?"

"የት ልታያቸው! አንቺ ሳትነሺ ወጥቶ በጠጠር ያባርራቸው ነበር፤ ፍሬው እስኪረግፍ፣ በየጠዋቱ። ትምህርት ቤት እስክትገቢ ድረስ እንዲያ አደረገ። ሰፈሩማ አበደ ብሎታል።" አክስቷ አፍንጫዋን ጠረገች። "ብቻ ለመጽሐፉ ከሆነ እመሰክራለሁ የኔ እናት። የወንድሜ ስም ይግባ እንጂ ዓይኔን በጨው አጥቤ እምልልሻለሁ።"

አመስግና ዘጋች። የአክስቷን ስም ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እሷን የሚጠረጥር ደግሞ የለም። ብዕሩን አነሣች። ያ ጉንዳን እንኳ ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው በማለዳ ብርድ፣ ኪሱ ጠጠር ሞልቶ፣ በሰው አጥር ሥር ሲንጎራደድ ታያት። ካርዱን ስትጽፍ ብትጠይቀው ኖሮ ይነግራት ነበር። አልጠየቀችውም።

ብዕሩን አስቀምጣ ዋና አዘጋጁ ጋ ሄደች።

"ይውጣ ጋሼ።"

"ምስክር አጣሽ?"

"አገኘሁ። ግን ስሙ ሐሰት ነው፤ ዶክተሩ ልክ ናቸው።"

የወጣ ካርድ ይቀደዳል፤ ደንብ ነው። ዋና አዘጋጁ እጁን ዘረጋ፤ እሷም ሰጠችው። ሳብ ቢያደርገው ካርዱ አልመጣለትም።

"ልቀቂው እንጂ" አላት።

አለቀቀችም። እንባዋ ካርዱ ላይ መንጠባጠቡን ከእሷ ቀድሞ ያየው እሱ ነው።