ለጢም የሚሆን ሳሙና

ቀበሌው የአቶ ገብረየስን ጢም አየባቸው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሸቴ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። አብዮት ጠባቂ ከመሆኑ በፊት ከልጃቸው ከነህምያ ጋር ኳስ ሲያሳድድ ውሎ ምሳውን እዚሁ ቤት የሚበላ ልጅ ነበር። ያኔ «ጋሼ» ይላቸው ነበር። አሁን ጠመንጃውን ሶፋው ላይ አጋድሞ አጠገቡ ተቀመጠና፣

«ጓድ ገብረየስ፣ ይቺ ጢም የማን ናት?» አለ።

«የራሴ ናት። ፊቴ ላይ አይደል የበቀለችው?»

«እሱማ እያየሁ ነው። የማንን ሐዘን ይዛ እንደሆነ ነው የጠየቅሁት።»

ነህምያ የተገደለው በጥቅምት ማለቂያ ነው። ሬሳውን አልሰጧቸውም። ድንኳን አትጣሉ፣ አታልቅሱ፣ ጥቁር አትልበሱ ተባሉ። ስለ ጢም ግን ማንም ምንም አላለም፤ የረሱት እሱን ብቻ ነበር። ልጅ የሞተበት ሰው ጢሙን አይነካም። ይህን እሸቴም ያውቃል፤ አባቱ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ጢሙን አንዠርግጎ ሲዞር አይቷል።

«ሳሙናው ነው» አለች ሴት ልጃቸው አዝመራ። አስባ አልተናገረችም፤ ቃሉ አመለጣት። «ሳሙና ጠፍቶ በልብስ ሳሙና ሲላጩ ፊታቸው ቆሰለ። እስኪሽርላቸው ነው።»

እሸቴ አያት። አባትዬውን አየ። ከዚያ ሳቀ።

«ሳሙና ከሆነማ ምን ችግር አለ! ሳሙና እኔ አመጣለሁ። ለእሁዱ ስብሰባ ብቻ ፊታቸው እንደ ሕፃን ቂጥ እንዲያበራ። ካልሆነ ግን፣ አዝመራዬ፣ ጢሟን እኛ ጋ ወስደን እንላጫታለን።»

እነሱ ጋ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አዝመራ አታውቅም። ነህምያም የሄደው «ለአንድ ጥያቄ» ተብሎ ነው።

በማግስቱ እሸቴ ከቀበሌው ሱቅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳሙና አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቃሉን ጠበቀ። የአዝመራ ውሸት በአንድ ሌሊት ሥራ ሆኖ ተመለሰባት።

ሥራ አትፈራም። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ሳሙና ለእሷ ስብና አልካሊ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲበዛ ይበላሻል፣ ሲመዛዘን ይሠራል። ችግር ይፈታል፤ ካልተፈታ ፈቺው ሰንፏል ማለት ነው ብላ ታምናለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ስለተከለከለ አይደለም። ለቅሶውን ስትፈልገው ስላጣችው ነው። እጇ ላይ ተኝታ ያደረች ይመስል አካላቷ ሁሉ ደንዝዞ ነበር፤ ሥራ ሲገኝ ግን እጇ ይታዘዛል።

አቶ ገብረየስ አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚሠሩት። በደጉ ጊዜ አንድ የበረራ ሠራተኛ ከውጭ ያመጣላቸው ነበር፤ በእንጨት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ክብ የጢም ሳሙና። ጎድጓዳው ባዶውን መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሲያሸቱት አሁንም ይሸታል።

አዝመራ በቀበሌው ሳሙና ጀመረች። ውኃ አሞቀች፣ ብሩሹን ነከረች፣ ሳሙናው ላይ አሽከረከረችው። የወጣው አረፋ የዕቃ እጣቢ ይመስላል፤ ከሳህኑ ጉንጫቸው ላይ እስኪደርስ ግማሹ ጠፋ። አባቷ መላጫውን አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳቡና፣

«አቃጠለኝ» ብለው በፎጣ ጠረጉት።

«እሺ። እውነትዎን ነው፣ ይኼ አይረባም።»

ሾላ ገበያ ሄደች። አንዲት ሴትዮ ከሞራና ከአመድ ውኃ ራሷ የምታፈላውን ጥቁር ሳሙና ሸጠችላት። ይኼኛው አረፋው ወፍራም ነው፤ ጠረኑ ግን ቤቱን አጥለቀለቀው።

«ሥጋ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ከጓዳ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር። የሳቀ የለም።

«አቃጠለኝ» አሉ አቶ ገብረየስ።

ሽቶ ያለውን የገላ ሳሙና ሞከረች። አረፋው አማረ፤ ብሩሹን ሳታስቀምጥ ግን ፊታቸው ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጠቀ። «አቃጠለኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በቢላ ፈቀፈቀች። የቀበሌውን ከሾላው ጋር ቀላቅላ በጣሳ ላምባ ምድጃ ላይ አቀለጠችው፤ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ግሊሰሪን ጠብ አደረገችበትና በአሮጌው የእንጨት ጎድጓዳ ገለበጠችው። ምላጩ ስለደነዘ በብርጭቆ ውስጥ እያሸች ሳለችው። ሳሙናው ሲረጋ ብሩሹን አስነካችው። አረፋው እንደ ተመታ እንቁላል ነጭ ተነሣ፤ ጫፉን ስታነሣው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎበዝ ነሽ አለች ለራሷ። ደስታው ግን አልመጣም።

አባቷ ተቀመጡ። ቀባቻቸው። መላጫውን ተቀብለው ከጆሯቸው ሥር አስነኩና፣

«ይኼም አቃጠለኝ፣ ልጄ። ምን ይደረግ፣ ቆዳዬ ነው» አሉ።

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ቤቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። አዝመራ ድምፁ እስኪርቅ ጠብቃ፣ «ነገ ስብሰባ ነው» አለች። እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው ወጡ።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ ተነሣችና መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ገንዳው ጠርዝ ላይ አወጣች። ቅልጥሟን በዚያው ሳሙና ቀባችና የአባቷን መላጫ ከጉልበቷ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሳበችው። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሄደ። ደገመችው፤ በደረቁ መለሰችው። አላቃጠለም። አልቀላም። የሾላውን ለብቻው ሞከረችው፤ እሱም አላቃጠለም። የሸተተው ብቻ ነው።

እግሯን በፎጣ አደረቀች። ከዚያ ወጥታ አባቷን ጠራቻቸው።

ሳሎን ነበሩ፤ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን እንደያዙ። እናቷ አጠገባቸው ቆመዋል።

«አባባ፣ ሳሙናው አያቃጥልም።»

«አላልኩሽም? የእኔ ቆዳ...»

«ሾላም ገበያ የሄድኩት ለከንቱ ነው። ላምባውንም ያባከንኩት ለከንቱ ነው። እርስዎ መጀመሪያውኑ ሊላጩ አልፈለጉም።»

«ተዪያቸው፣ አንቺ ልጅ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«ምኑን ልተው እማዬ? እሸቴ ሲመጣ አንቺ ነሽ የምትመልሺለት? ነህምያ ሞተ። ጢም አያስነሣውም።»

«አያስነሣውም» አሉ አባቷ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እናትሽ ሻሿን ታውልቅልሽና እዪ።»

ወይዘሮ የሺመቤት እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ አመነቱ፤ ፈቱት። ጸጉራቸው የለም። በመቀስ ተቆርጦ፣ ቀሪው እስከ ቆዳው ተላጭቶ፣ ከጆሯቸው በላይ ምላጭ የሳተው ቦታ አቆጥቁጧል። አዝመራ አንድ ቤት እየኖረች፣ አንድ ማዕድ እየበላች አላየችም። ልጇ የሞተባት እናት ጸጉሯን ትላጫለች፤ ይህን ማወቅ ነበረባት። ልብ አላለችውም።

«እሷ ሻሽ አላት» አሉ አቶ ገብረየስ። «እኔ በምን ልሸፍነው?»

አዝመራ አንድ ነገር እንዲሰማት ጠበቀች። የተሰማት ምድጃው ላይ የተወችው ውኃ እየፈላ መሆኑ ብቻ ነበር።

«እሸቴ የሚወስደው እርስዎን ብቻ አይደለም» አለች። «ሳሙና ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ ይህን አላሰቡትም ነበር። ፊታቸው ላይ አየችው፤ ሰው ደረጃ ያለ መስሎት አየር ሲረግጥ እንደሚሆነው። እናቷ ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ። አባቷ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎትተው ተቀመጡና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ።

«አንቺው ላጪኝ» አሉ።

በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ፊታቸው ላይ አደረገች። አረፋውን በብሩሹ እያዞረች ቀባችው። ከቀኝ ጉንጭ ጀመረች፤ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወጥራ፣ ምላጩን አጋድማ፣ ሳትቸኩል። መቸኮል ጠባይዋ ነው፤ ዛሬ ግን አልቸኮለችም። ነጩና ጥቁሩ ጢም ከአረፋው ጋር እየተንሸራተተ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ከንፈራቸው በላይ ስትደርስ አፍንጫቸውን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ እንደ ሕፃን። አቃጠለኝ አላሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አገጫቸውን ጨርሳ ወደ አንገታቸው ወረደች። ከማንቁርታቸው በታች፣ ወደ ደረታቸው ሲቃረብ፣ መላጫው ቆመ። እዚያ ሁለት ጣት የሚያክል ቦታ አረፋ እንደለበሰ ቀርቷል። የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ለካች። ይሸፍነዋል። አረፋውን ብቻ በፎጣው ጠረገችው፤ ጢሙን አልነካችውም። ከዚያ የአንገት ቁልፋቸውን ቆለፈችና መላጫውን ውኃ ውስጥ ጣለችው።

አቶ ገብረየስ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። በኮሌታቸው ላይ ዳበሱ። አንዲት ጣት ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ቆየች።

«ጥሩ ሳሙና ነው» አሉ።

«ግሊሰሪኑ ነው» አለች አዝመራ።

እናቷ ኮታቸውን አምጥተው ከኋላ አለበሷቸው። ውጪ እሸቴ በድምፅ ማጉያ «ስብሰባ! ስብሰባ!» እያለ ከሰፈሩ ጫፍ ይመጣል። አቶ ገብረየስ መስታወት አላዩም። ኮሌታቸውን አንድ ጊዜ አስተካከሉ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ወጡና ከኋላቸው ዘጉት።