ጠምጣሚዋ ምን በደለች?

ማሽን አፍ የለው። ጥፋተኛ ሲፈለግ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው አፍ ወደሌለው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? በመስመር ዝርጋታው ክፍልም የሆነው ይኸው ነው።

በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ኬብል ከላይ ወረደ። አንዱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተዘረገፈ፣ አንዱ በቆሙ መኪኖች ላይ ተጋደመ። ሦስተኛው፣ እግዜር ጠብቆ እንጂ፣ ተማሪዎች በሚወጡበት መንገድ ላይ ነው የወደቀው፤ ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው። ሰው አልተጎዳም። አለቃው ግን በማግስቱ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ማሽን እንደ ሌባ ከላይ እስከ ታች ገረመማት።

"አርጅታለች" አላት የማሽን ጠጋኟን። "ሐሙስ እኔ ራሴ ቆሜ አያታለሁ። ያሰረችውን በገመድ እናስንጠዋለን። ከላላ ማሽኗ ወደ ብረት ክምሩ፣ አንቺ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት። ዳዶ ስትቆጥሪ ትውያለሽ።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የማሽን ጠጋኟን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠራት ዳዶ እያለ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ነገረ ሥራዋ ጥብቅ፤ ብሎን እንደሚይዝ ዳዶ አንዴ የያዘችውን የማትለቅ። አለቃው በቀልዱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነጥቋት ሄደ፦ ስሟን መሳቂያ አደረገው፣ ወንበሯንም ሊወስድባት ቀጠሮ ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት ወንበር ነው።

ማሽኗ ረዥም የመዝገብ ስም አላት፤ ሠራተኛው ግን ጠምጣሚዋ ነው የሚላት። ሥራዋ እንዲህ ነው። ኬብል ብቻውን በአየር ላይ አይቆምም፤ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ ወፍራም ተሸካሚ ሽቦ ያስፈልገዋል። ጠምጣሚዋ ተሸካሚው ሽቦ ላይ ትቀመጣለች፤ ኬብሉ በሆዷ ውስጥ ያልፋል። ከታች በገመድ ሲስቧት ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ፣ እነሱ በርሜሏን ያዞራሉ፣ በርሜሉ ደግሞ ቀጭን ሽቦ እየተፋ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠመጥማቸዋል። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ግን ሥራዋ ያበቃል። የቀጭኑን ሽቦ ጫፍ ቆርጦ ምሰሶው ላይ ካለው ብሎን ጋር በዳዶ የሚያስረው የሰው እጅ ነው። ያ ጫፍ ከተፈታ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ጥምጥም ሁሉ እንደ አሮጌ ሹራብ ይተረተራል።

ዳዶ ሦስት ቀን ሙሉ ጠምጣሚዋን ፈታ ገጠመቻት። ኩሽኔታዎቹን በጋዝ አጠበች፣ የፍሬኑን ሞላ ለካች፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያሽከረከረች ጆሮዋን ደግና አዳመጠች። ወርክሾፑ ውስጥ በተወጠረው መለማመጃ ሽቦ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሳበቻት። አሥራ አንዱንም ጊዜ ጥምጥሙ ጥፍር አያስገባም።

"ኧረ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አለቻት በመጨረሻ፣ የሰው ያህል። "እንኳን አንቺ፣ እኔም ግራ ገባኝ።"

ማሽኗ ንጹህ ከሆነች ሽቦው ይመርመር ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። የወደቁት መስመሮች ሽቦ ተጠቅልሎ እዚያ ተጥሏል። የሦስቱንም ጫፍ ቆርጣ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሽቦ የታጠፈበትን አይረሳም፤ ሦስቱም ጫፋቸው ላይ በብሎን ዙሪያ የተጠመዘዙበትን ክብ ይዘዋል። ዳዶው ጠባሳ በተወበት ፊታቸው ሲያዩዋቸው ሦስቱም ወደ ግራ ተጠምዝዘዋል።

ዳዶ የመሣሪያ ሳጥኗን ቁልፍ አነሳች። ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ራሱ እንዲህ ያለ የሽቦ ጫፍ ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ የክፍሉ ጫፍ አሳሪ ቆርጦ የሰጣት። እሱ የተጠመዘዘው ወደ ቀኝ ነው።

ይህን ጀማሪ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ጫፉ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝ ነው። ያኔ ዳዶው ሲጠብቅ ሽቦውን ይዞት ይገባል። በተቃራኒው ከተጠመዘዘ ግን ዳዶው ሽቦውን እየገፋ ያስወጣዋል፤ ላንድ ሳምንት የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ነፋስ እያወዛወዘ ይፈታዋል።

ዳዶ ቁልፉን ከሦስቱ ጫፎች ጎን አስቀመጠችው። ሦስቱንም መስመር ያሰረው አንድ ሰው ነዋ። ያን ቁልፍ መያዣ የሰጣትም እሱ ነው።

ሰውየው የእናቷ ወንድም ነው። እናቷ በስድስት ዓመቷ ስትሞትባት ወስዶ ያሳደጋት፣ ማንኪያ በወጉ ሳትይዝ መፍቻ ያስያዛት። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ ሠራተኛው ጋሼ አንዴ ይለዋል። አስሮ ሲጨርስ ተሸካሚውን ሽቦ በመፍቻው መታ ያደርገዋል። በደንብ የታሰረ ሽቦ ሲመታ ይጮኻል፣ የላላ ሽቦ ዱብ ብሎ ይቀራል። ጩኸቱን ሲሰማ ወደ ታች፣ "አንዴ!" ይላል። አንዴ ካሰርኩ አሰርኩ፣ ሁለተኛ አይታይም ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሯል፤ አንድም ቀን ቃሉ መሬት ወድቆ አያውቅም።

"የሱ እጅ?" አለች ለራሷ። "እንዴት ተደርጎ!"

መልሱን ያገኘችው እሑድ ጠዋት ቤቷ ውስጥ ነው። ዳዶ፣ ጋሼና ባለቤቱ የሚኖሩት ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ወደ መንገድ የሚያወርደው ደረጃ አሥራ ሁለት እርከን አለው፤ በሥራ ቀን ጋሼ ቀድሟት ስለሚወጣ ሰሞኑን ሲወርድበት አላየችውም። ጋሼ ጋዜጣ ሊገዛ ሲወርድ በመስኮቱ አየችው፤ ግድግዳውን ይዞ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ ቀኝ እግሩን እንደ ዕቃ እያስከተለ።

"በክረምቱ ካዳለጠው ወዲህ እንዲሁ ነው" አለች የጋሼ ሚስት፣ ሻይ እየቀዳች። "ሐኪም ይየው ብል አሻፈረኝ አለ። ካወቁ ከምሰሶ ያወርዱኛል ይላል። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎም አስምሎኛል። አንቺ ሰው አይደለሽም መቼም።"

"ታዲያ ምሰሶውን እንዴት ይወጣዋል?"

"መሰላሉን ከጓሮ በኩል ነው የማቆመው አለኝ። በመንገዱ በኩል ከሆነ በቀኝ እግር ገፍቶ መሻገር አለበት አሉ። በጓሮ በኩል ግራው ይበቃዋል።"

የዳዶ እጅ የስኳሩ ዕቃ ላይ ቀረ። ክዳኑን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ጠበቀ። ከዚያ ዕቃውን ወደ ላይ አነሳችና ከሥሩ እያየች፣ እጇን በክዳኑ ላይ እንደገና ወደ ቀኝ አዞረች። ክዳኑ ተከፈተና ስኳሩ ጭኗ ላይ ተደፋ።

"ውይ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?"

የነካትማ ታወቃት። የዳዶው ፊት የሚታየው በመንገዱ በኩል ነው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊቱ ቆሞ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ኖረ፤ እጁ ዐይን አያስፈልገውም። አሁን ከጀርባ ቆሞ ያው እጅ ያንኑ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። ከጀርባ ሲሆን ግን የሱ ቀኝ የዳዶው ግራ ነው። ዳዶውማ ካልጠበቀ በእጅ ይታወቃል፤ ሽቦው ግን በየትኛውም በኩል ይጠመዘዝለታል። አንድ እጁ ምሰሶውን ስለሚይዝለት ደግሞ ሽቦውን መምታት ትቷል። ካዳለጠው ወዲህ "አንዴ!" ሲል የሰማው የለም፤ አርጅቶ ዝምታ አብዝቶ ነው ተብሎ ታለፈ እንጂ።

ጋሼ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ገባ። ዳዶ ልትናገር አፏን ከፈተች።

"ጋሼ..."

"ማሽኗን አየሽልኝ?" አለና ከአፏ ነጠቃት። "አይዞሽ ልጄ። ያ አለቃ ተብዬ ሐሙስ ይምጣና ይየን። እንደ ድንጋይ ነው የማስርልሽ። ከወንበርሽ የሚያነሳሽ ሰው አይኖርም፤ እኔ እያለሁ!"

አንጀቷን በላት። ሊያድናት በሚሮጥበት በዚያው እጅ ነው የሚያጠፋት፤ ይህን እንዴት አድርጋ ትንገረው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም ካለች ግን ጠምጣሚዋ ትጣላለች፣ እሷ ዳዶ ስትቆጥር ትውላለች፣ ኬብሉም መውደቁን አይተው። አለቃው ፊት ብትናገር ደግሞ ያሳደጋትን ሰው በአደባባይ አራቆተችው ማለት ነው። እስከ ሐሙስ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሼ ፊቱን ሲታጠብ፣ አራቱን የሽቦ ጫፎች በክር አስራ የወገብ ቦርሳው ውስጥ፣ መፍቻው ላይ አስቀመጠችለት። ሦስቱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። የቁልፍ መያዣዋን ያውቀዋል፤ ሌላውን እሱው ይፍረደው ብላ።

መስመሩ የተዘረጋው ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። አለቃው ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ገመድ ሳቢው፣ ዝም ማለት የማያውቅ ጎረምሳ፣ ጠምጣሚዋን ጎትቶ ምሰሶው ጋ አደረሳት፤ ከኋላዋ ያለው ጥምጥም ቀጥ ብሎ ያብረቀርቃል።

"ጡረተኛዋ እንዲህ ከሮጠች ወጣቷ ምን ልትሆን ነው!" አለ። ከሱ በቀር የሳቀ የለም።

ጋሼ መሰላሉን በጓሮ በኩል አቁሞ ወጣ። የምሰሶ መውጫ ቀበቶውን አሰረ፣ ጫፉን ቆረጠ፣ መፍቻውን ሊያወጣ ቦርሳው ውስጥ እጁን ከተተ። እጁ እዚያው ቀረ። ጫፎቹን አወጣቸው። ዳዶ ከታች ሆና ጣቶቹን ታያለች፤ መጀመሪያ አሮጌውን ዳሰሰ፣ ቀጥሎ ሦስቱን። ብሎኑን አየ። አንገቱን አስግጎ ማዶ፣ የዳዶውን ፊት አየ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደሷ አየ። እሷ አንገቷን ደፋች። ምነው ባላደረግሁት አለች በልቧ።

"ምን ሆኑ? ይጨርሱት እንጂ!" አለ አለቃው።

ጋሼ ጫፎቹን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ሳያስር ወረደ። ሁሉም እያዩት፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ ቀኝ እግሩን እያስከተለ፣ አንድ በአንድ። መሬት ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

"ማሽኗ ንጹህ ናት" አለ። "ሦስቱንም የፈታኋቸው እኔ ነኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ጉልበቴ ተበላሽቷል። ደበቅኋችሁ። በጓሮ በኩል እየወጣሁ ግራ ሳስር ከረምኩ፤ ሠላሳ ዓመት ያመንኩት እጅ ጉድ ሠራኝ።" ላቡን በእጅጌው ጠረገ። "ሦስት ብቻም አይደለም። ከታመምኩ ወዲህ ያሰርኩት አሥራ አራት ነው። አሥራ አንዱ ገና አልወደቀም። አንዱም ሳይወድቅ እንደገና መታሰር አለበት፤ እኔን የምትቀጣኝ ከዚያ በኋላ ይሁን።"

አለቃው ጠምጣሚዋን አየ፣ ዳዶን አየ፣ ትምህርት ቤቱን አየ። ሊቆጣ ጀምሮ የነበረ ይመስላል፤ ቁጣው ግን የት እንደሚያርፍ አጣ።

"አሥራ አንዱ የትኞቹ እንደሆኑ መዝገቡ ላይ የለም" አለ ቀስ ብሎ።

"እኔ ጋ አለ። ምሰሶ በምሰሶ።"

"ታዲያ ማን ይውጣ?"

ጋሼ ቀበቶውን ፈታና ለዳዶ ዘረጋላት። ወርክሾፑ ውስጥ ስንቴ አስራለች፤ ከመንገድ በላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ተቀብላ ወገቧ ላይ አሰረችው።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ! አፍሽን ከፍተሽ ብትነግሪኝ እከራከርሽ ነበር። ከሽቦ ጋር ማን ይከራከራል?" ዐይኑ እንባ አቅርሯል። "በይ ውጪ። በመንገዱ በኩል።"

መሰላሉን ራሱ አዙሮ በመንገዱ በኩል አቆመላት፤ ሥሩንም በሁለት እጁ ያዘ። ወጣች። የዳዶው ፊት ፊት ለፊቷ ነው። ጫፉን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፣ ዳዶውን አጠበቀች፤ ዳዶው ሽቦውን ይዞ ሲገባ በመዳፏ ተሰማት። ከዚያ ተሸካሚውን ሽቦ በመፍቻዋ መታችው።

ጮኸ። ጩኸቱ ከምሰሶ ምሰሶ ሄዶ ተመለሰ።

ሁለት ሰው ገመድ ጥለው ናጡት፤ ለመጨረሻው አለቃው ራሱ ኮቱን አውልቆ ተንጠለጠለበት። ጥምጥሙ ንቅንቅ አላለም።

"ማሽኗን መልሱልኝ" አለ እያለከለከ። ወደ ጋሼ ዞረ። "እርስዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ዛሬ ከሰዓት። ከነገ ጀምሮ ከታች ሆነው ያሳዩ፤ ያለርስዎ ጆሮ የሚያልፍ መስመር የለም።" ወደ ዳዶ ግን ቀና ብሎ ማየት ከበደው። "አንቺም ወንበርሽ ጋ ነሽ። አሥራ አንዱ ታስሮ ሲያልቅ።"

ዳዶ አልሰማችውም። ከላይ ሆና የምታየው ጋሼን ብቻ ነው። ጋሼ መሰላሉን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደሷ ቀና አድርጎ፣ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ለመረዳት ትንሽ ፈጀባት። ሲገባት ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አንዴ!" አለች ወደ ታች።

"እሰይ ልጄ" አለ ጋሼ። "በይ ውረጂ። ቀጣዩ ዳቦ ቤቱን አልፎ ሁለተኛው ምሰሶ ነው።"

ሐኪሙ እስከ ከሰዓት ይጠብቃል ብሎ እያነከሰ ከፊት መራ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሩን ከማንም አልደበቀም።