መርፌዋ አዝመራው ቤት ናት

የደባሱ ውጅግራ ዒላማ የማትስት ብቻ አልነበረችም፤ መርጣም ትገድል ነበር። ደባሱ ራሱ እንደሚያወራው፣ አንድ ቀን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥቶ ነብር ላይ ቢተኩስ ጥይቷ ነብሩን ጥላ፣ ገደሉን ዞራ፣ ከቋጥኝ ኋላ የተሸሸገውን ሁለተኛውን ነብር "አንተስ ማንን ትጠብቃለህ?" ብላ ደገመችው። "ታዲያ የሁለተኛው ቆዳ የታለ?" የሚል ደፋር ከተገኘ ደባሱ መልስ አያጣም። "አፍሮ ቆዳውን ይዞ ገደል ገባ!" ይለዋል።

መንደሩ ጥድ አምባ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እየሳቀ ግን ያምናል። ከመንደሩም ይልቅ የሚያምኑት ከተከዜ ማዶ ያሉት ከብት ነጂ ሽፍቶች ነበሩ። በዙሪያው ያለ መንደር ሁሉ በሬው ሲነዳ፣ የጥድ አምባን ጥጃ እንኳ የነካ የለም። "እዚያ የደባሱ ውጅግራ አለች" ይባላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ደባሱ ውጅግራውን አንግቶ ገበያ ሲወርድ ደረቱ ከእሱ ቀድሞ ላሊበላ ይገባ ነበር።

እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ውጅግራዋ መርፌ የላትም። ያቺ ቃታ ሲሳብ የጥይቱን ቂጥ ወግታ የምታስጮኸው ቀጭን ብረት ከጠብመንጃው ሆድ ወጥታ፣ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አዝመራው ቤት ተሰቅላለች። አዝመራው ደግሞ ደመኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደባሱ ታላቅ ወንድም በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የአዝመራውን አጎት ገደለ። የአዝመራው ወገኖች በተራቸው ገዳዩን ገደሉ። ቀጣዩ ሟች ከደባሱና ከአዝመራው አንዱ መሆኑ የታወቀ ሆነ፤ ሚስቶቻቸው ባሎቻቸውን ወደ እርሻ ሲልኩ ዓይናቸው በእንባ ይሞላ ጀመር። ያን ጊዜ የሁለቱም የነፍስ አባት አባ ተክለ ሚካኤል ሰዎቹን እየነዱ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸውና ከዋሻው ጣሪያ ጠበሉ ጠብ ጠብ ከሚልበት አቆሟቸው።

"ጠብመንጃችሁን ብጠይቃችሁ አንገታችሁን ትሰጡኛላችሁ እንጂ እሱን አትሰጡኝም" አሉ። "ያዙት። መርፌውን ግን አውጡ።"

የደባሱን ውጅግራ መርፌ ለአዝመራው፣ የአዝመራውን ምንሽር መርፌ ለደባሱ ሰጡ። መርፌው ወደ ቤቱ የተመለሰ ቀን ደሙም ይመለሳል ብለው አስማሏቸው። ሌባ ከሰማ ባዶ ብረት ታቅፈው መቅረታቸው ነውና፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ለሚስትም እንዳይነገር ገዘቱ። አባ ይህን ዘዴ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አይታወቅም፤ ብቻ ሠራ። ደባሱ ስለ ነብሮቹ ሲያወራ አዝመራው፣ በተፈጥሮው ውሸት የማይሆንለት ሰው፣ መፋቂያውን እያኘከ ዝም ይላል። ሰውም "አዝመራው ካልተቃወመ እውነት ነው" ይላል።

መሬት ላራሹ በታወጀ ማግስት ደግሞ የጠብመንጃ አዋጅ መጣ። ይዞት የመጣው ከፋለ የሚባል፣ ጺሙ ገና ያልሞላ ካድሬ ነው። ሕዝቡን አውድማ ላይ ሰበሰበ።

"ጌታው..." ብሎ ጀመረ አንድ ገበሬ።

"ጌታ ድሮ ቀረ! ጓድ በሉኝ።"

"እሺ ጌታው ጓድ።"

ከፋለ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ አዋጁን አስረዳ። ጠብመንጃ ሁሉ በእሱ ፊት ይተኮሳል። የሚሠራው ይመዘገብና ባለቤቱ ለአብዮት ጥበቃ ይታጠቀዋል፤ ደባሱን የመሰለ ጀግናማ የጥበቃው አለቃ ይሆናል። የማይተኩሰው ተሰብስቦ ላሊበላ ይገባል።

"ይህ ለማን ይበጃል?" አለ ሙሉሃብት፣ በመንደሩ ከማንም የበለጠ በሬ ያለው ሰውዬ። "ማዶ ያለው ሽፍታስ መጥቶ ይመዘገባል? እኛ አዋጅ ስንሰማ እሱ ጆሮውን ደፍኖ በሬዬን ይነዳል!"

የደባሱ ሚስት ወለላ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። "እኔ ይሰብሰብ ባይ ነኝ። ወንድሜን የገደለው ሽፍታ አይደለም። ሠርግ ላይ ደስ ብሎኛል ብሎ የተኮሰ የገዛ አማቻችን ነው።"

"እሱ የሰካራም ጥፋት ነው እንጂ የጠብመንጃ አይደለም፣ ወለላ" አላት ሙሉሃብት።

"ሰካራሙ በዋንጫው ተኩሶ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ዛሬ እስክስታ ይመታ ነበር!"

ሴቶቹ "እሰይ!" አሉ። ሙሉሃብት ግን የሚበገር አይደለም። "ሕግ መልካም ነው፤ ሕግ የሚሰማ ሰው ላለበት። በሬዬን የጠበቀልኝ አዋጅ ነው ወይስ የደባሱ ውጅግራ? እስቲ ደባሱ ይናገር! ምነው ጭጭ አልክ አያ? ዛሬ ነብር የለም?"

ደባሱ ውጅግራውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። በልቡ ሙሉሃብትም ወለላም ልክ ናቸው። በሬውን የጠበቀው ጠብመንጃ ሳይሆን ወሬ ነው፤ እሱንና አዝመራውን በሕይወት ያቆየው ደግሞ ጠብመንጃው አለመተኮሱ ነው። ይህን ለማን ያስረዳል?

ተኩሱ ተጀመረ። ዒላማው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ዱባ ነው። የመንደሩ ሰው በየተራው ተኮሰ፤ ዱባው አንድም ጭረት ሳያገኘው ቆየ። "ይህን ዱባ ለአብዮት ጥበቃ መዝግቡት!" አለ አንዱ። ሁሉም ደባሱን እየጠበቀ ነበርና ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ እንደ ሠርግ ቤት ሞቀ።

ይህን ጊዜ አዝመራው ከጎኑ መጥቶ ቆመና እጁ ውስጥ አንዲት ቀዝቃዛ ነገር አስጨበጠው።

"መርፌዋ ናት፤ ክተታት" አለው በሹክሹክታ። "እኔ አልነካህም። የኔ ምንሽር ባዶዋን ትቅረብ።"

"መሐላውስ?"

"አባ ይፈቱታል። ስምህ ከሚሞት..."

ደባሱ ጨበጣት። አንድ ጊዜ ቢተኩስ ስሙ ስሙ ነው፤ በዚያ ላይ አለቅነት አለ። ነገር ግን እሱ መርፌ ባላት ጠብመንጃ፣ አዝመራው በባዶ እጁ የሚኖሩበት ጥድ አምባ ታየው። አዝመራው ዛሬ ቃሉን ይጠብቃል። የአዝመራው ልጆችስ ሲያድጉ? ደባሱ ራሱስ ጠላ ቀምሶ ወንድሙ ትዝ ሲለው? መርፌዋን መልሶ የአዝመራው መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

"ወደምትኖርበት ውሰዳት" አለው። ከዚያ አባ ተክለ ሚካኤልን አያቸው። ሽማግሌው ነገሩን ገብቷቸው ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተናገር ልጄ" አሉ።

ደባሱ ወደ ከፋለ ዞሮ ደረቱን ነፋ። "ጓዴ፣ ይቺ ጠብመንጃ አትተኩስም። መርፌ የላትም። መርፌዋ አዝመራው ቤት ናት፤ የሱም እኔ ቤት ናት። ስንታረቅ ተለዋወጥን። ነብርም ገድዬ አላውቅም። አንድ ነብር አይቻለሁ፤ ሮጬ አመለጥኩት።"

አውድማው ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

"ኧረ ይሄስ ከሁለቱ ነብር ይበልጣል!" ጮኸ ሙሉሃብት እንባውን እየጠረገ። "መንግሥትን ሊያሞኝ! መርፌዬ ደመኛዬ ቤት ናት ይላል እኮ!"

ደባሱ ዕድሜ ልኩን ውሸት አውርቶ ሲታመን ኖሮ፣ አንዲት እውነት ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። ከፋለ ውጅግራዋን ተቀብሎ ጥይት አጎረሰና ቃታውን ሳበ። ጠቅ አለች። ደገመ፤ ጠቅ።

"አላልኳችሁም?" አለ ሙሉሃብት። "ለባዕድ እጅ አትተኩስም!" ሴቶቹ እልል አሉ።

ከፋለ ግን የጠብመንጃውን ሆድ ከፍቶ አየ። የአዝመራውንም ምንሽር ከፍቶ አየ። ከዚያ ወደ አባ ጠጋ ብሎ፣ "ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ወገን ስንት ሰው ሞተ?" አላቸው።

"አንዲት አሮጊት፤ ሳል ገድሏት።"

ካድሬው የሁለቱን ጠብመንጃ ሆድ መልሶ ዘጋ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። "እንግዲያው መርፌዎቹን አምጡልኝ። ጠብመንጃዎቹ ተጠግነው ይመዘገባሉ።"

"ብረቱን ውሰድ" አለ ደባሱ፤ ድምፁ ሲፎክር እንኳ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም። "ላሊበላም ደሴም አድርሰው። መርፌዋን ግን አንሰጥም። እሷ ጠብመንጃ አይደለችም፤ እርቃችን ናት። እናንተ አዋጅ ሳታመጡ እኛ ሕግ ነበረን።"

አዝመራውም መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ከፋለ አንዴ ሁለቱን፣ አንዴ አዋጁን አየ። አዋጁን ከላይ እስከ ታች አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። "እዚህ የተጻፈው ጠብመንጃ ነው" አለ። "ስለ መርፌ የሚል ነገር አላገኘሁበትም።" ሁለቱን ባዶ ጠብመንጃ በበቅሎ ጭኖ ወረደ።

ደባሱ ባዶ ትከሻውን እያሸ ወደ ቤቱ ሲሄድ ወለላ ከኋላው ደረሰችበት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያመነችው እሷ ብቻ ናት።

"ያ ምሰሶው ላይ የሰቀልከው ክታብ... የአዝመራው መርፌ ነው?"

"ነው።"

"አንተ ሰውዬ! ላሟ የታመመች ጊዜ አንገቷ ላይ አስሬላት ድናለች እኮ!" አለችና ክንዱን ይዛ ሳቀች። "ምነው የወንድሜ ገዳይ መርፌ ያን ዕለት አባ ዘንድ በነበረች" አለች ኋላ ቀስ ብላ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደባሱና አዝመራው አብረው ላሊበላ ገበያ ወረዱ። እህል ተራ ላይ ጋሻዬ የሚባል የማዶ ሰው ጠበቃቸው። የከብት ነጂዎቹ ዓይን እሱ እንደሆነ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።

"ደባሱ! ባዶ ትከሻ?" አለ ፈገግ ብሎ። "ውጅግራህን ወሰዱብህ አሉ። ስትተኮስም ጠቅ ብቻ አለች አሉ።"

ደባሱ አፉን ከፈተ። ከአውድማው ወዲህ ግን ውሸቱ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱ ላይ የቀረችው ያቺው እውነት ብቻ ናት። እሷን ቢናገር ዛሬውኑ የመንደሩ በሬ ተከዜን ይሻገራል።

አዝመራው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "አልወሰዷትም፤ አሰሯት" አለ። "አራት ወታደር ይጠብቃታል፤ ሦስት አልበቃም። እሷም ያለ መርፌዋ ናት። መርፌዋ እኔ ቤት ናት። ትናንት ብቻዋን ወጥታ በረት ስር ጅብ ወግታ ተመለሰች።"

ጋሻዬ ደባሱን አላየውም። ያየው አዝመራውን ነው፤ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ መረመረው። ይህ ሰው ሲዋሽ የሰማ በላስታ ምድር የለም። ፈገግታው ጠፋ፤ ጨው ሊገዛ መጥቶ ጨውም ሳይገዛ የተከዜን ቁልቁለት ተያያዘው።

ደባሱ ሰውዬው እስኪርቅ ጠብቆ፣ ዓይኑ በኩራት እያበራ ወደ ደመኛው ዞረ። "ሁለት ጅብ ብትለው ምን ነበረበት?"

"ተው እንጂ አያ ደባሱ" አለ አዝመራው፣ መፋቂያውን ወደ አፉ እየመለሰ። "ለጀማሪ አንድ ይበቃል።"